አሸን ላይ የተቀመጠው ኩራባቸው

ተረት ተረት ስላችሁ "የላም በረት" እንዳትሉኝ። ዛሬ ላም የለችም። "የምስጥ ቤት" በሉኝ። እስቲ እንደገና፤ ተረት ተረት። የምስጥ ቤት። ጎሽ። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው አልሰማሁህም፤ ክንፍ መልቀሙን ተውና ጠጋ በል።

ወደ ጥላው ዙር አትበሉኝ፤ አልነሳም። ጉልበቴን ያመኛል። እዚሁ በርጩማዬ ላይ፣ እዚሁ ደጄ ላይ ሆኜ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ አሸን፣ ያ ክንፋም ምስጥ፣ ሲፈላ እናንተ ስትጨፍሩ አየሁ። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ቶሎ ብለው በራቸውን ሲዘጉ አየሁ። ማን ዘጋ አልልም። ሠላሳ ዓመት ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የስንቱን ምሰሶ ገመና አውቃለሁ። ዝም ብዬ ተረቴን ልናገር።

በድሮ ጊዜ፣ እናንተም እኔም ሳንወለድ፣ አያ ኩራባቸው የሚባል ሰው ነበር። እንደሱ ያለ ጉልበተኛ አልነበረም። ሞፈርና ቀንበሩን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይሄዳል። አራት ሰው ያቃተውን ድንጋይ ብቻውን ይፈነቅላል። ጉልበቱን ያህል ኩራት ነበረው። ኩራቱን ያህል ደግሞ ምክር ይጠላ ነበር።

ይህ ሰው አንድ ቀን ቤት ሊሠራ ተነሳ። አገሩን ሁሉ ደቦ ጠራ። ለምሰሶ ብሎ ብሳና ቆርጦ መጣ። ቀጥ ያለ፣ ነጭ፣ ዓይን የሚስብ እንጨት ነው። እዚህ ላይ ስሙኝ። ምሰሶ ከመተከሉ በፊት መሬት የሚገባው ጫፉ በእሳት ይለበለባል። ከሰል እስኪለብስ ድረስ ይለበለባል። ከሰል የለበሰውን እንጨት ምስጥ አይደፍረውም። የደቦው ሰዎችም እሳቱን አንድደው፣ አምጣው እንለብልበው አሉት።

አያ ኩራባቸው ሳቀባቸው። "ሙሽራ ፊቷን ጥላሸት ትቀባለች ወይ?" አለ።

ነጩን ብሳና እንዳለ ብድግ አደረገና ጉድጓዱ ውስጥ ተከለው። ብቻውን ነው የተከለው። ሰዉም በጉልበቱ ተገርሞ አጨበጨበ፤ እሳቱም በዚያው ጠፋ። ከዚያ ወዲህማ በዚያ አገር ቤት የሠራ ሁሉ፣ እንደ ኩራባቸው ይመርልኝ እያለ ምሰሶውን ነጭ አድርጎ ይተክል ጀመር። "ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለእንጨቱ ሁሉ ማን አስተማረው" ይባላል። እነሱ ግን ተረት አይሰሙም ነበር።

ቤቱ ሁለት ዓመት አማረበት። በሦስተኛው ዓመት የግንቦት ዝናብ ጠብ ሲል፣ ሚስቱ ዘርፌ ከምሰሶው ሥር የአፈር ክር አየች። ጠረገችው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ከምሰሶው ሥር የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ ተከፈተች። አንድ ክንፋም ብቅ አለ። ግራ ቀኝ አየና በረረ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። ከዚያ በኋላ ቁጥር የለም፤ አሸን ነዋ። ጣሪያው ላይ ፈላ፣ ግድግዳው ላይ ፈላ፣ ሌማቱ ላይ ፈላ፣ የዘርፌ ሹሩባ ውስጥ ፈላ።

አያ ኩራባቸው ሮጦ በሩን ዘጋ። የዘጋው አሸኑ እንዳይወጣ አይደለም፤ ወሬው እንዳይወጣ ነው። የኩራባቸውን ቤት ምስጥ በላው ከምባል እኔኑ ይብላኝ አለ። ከዛሬ ጀምሮ አሸን የምትባል ቃል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ ብሎም አዘዘ። ስለዚህ ሚስትና ልጅ "እነዚያ" እያሉ ይጠሩት ጀመር። እነዚያ መጡ። እነዚያ ወጥ ውስጥ ገቡ። እነዚያን ከጀርባህ ላይ ላራግፍልህ።

ልጁ እንጉዳይ ትባላለች። አባቷ በክንዱ ብርቱ ነው፣ እሷ ደግሞ በልቧ ብርቱ ናት። ከወንዙ ማዶ አባ ተድላ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ ቤታቸውን ከምስጥ ያዳኑ ናቸው ይባላል፣ ሄደን እንጠይቃቸው ብላ አባቷን ለመነች። ከምጠይቅ ጣሪያው ይናድብኝ አላት።

አሁን ደግሞ የጭንቁን ነገር ልንገራችሁ። ከወንዙ ማዶ ይርዳው የሚባል ንብ አናቢ ጎበዝ ነበር። እሱና እንጉዳይ ገበያ ላይ ተያይተው ልባቸው ተስማምቷል። እሱን ካላገባሁ ሌላ ባል አልፈልግም ብላለች። የዚያ አገር ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይላካል። በመጀመሪያው የልጅቷ አባት ዘመድ ላማክር ይላል። በሁለተኛውም ያንኑ ይላል። ወጉ ነው፤ ልጅ እንደ ጎመን በአንድ ቃል አትሰጥም። በሦስተኛው ግን ቁርጡ ይነገራል። በሦስተኛው ባዶ እጁን የተመለሰ ሽማግሌ ያንን ደጅ ዳግመኛ አይረግጠውም። የይርዳው አባት ደግሞ ይሄኛው ካልሆነ ብለው ሌላ ልጅ አይተው አስቀምጠዋል። እንጉዳይ ይህን ሁሉ ታውቃለች።

በመጀመሪያው እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ከፊት የሚመሩት፣ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እኒያው ምስጥ አዋቂው አባ ተድላ። እንጉዳይ ስታያቸው ልቧ ዘለለ። አባቷ ግን ዓይኑን አፍጥጦ ተመለከታትና አፏን ዘጋች።

ያን ቀን ጠዋት ዘንቦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደጅ ሲደርሱ ፀሐይ ብልጭ አለች፤ አሸኑም ብልጭ አለ። አያ ኩራባቸው ዱላውን አነሳና ያገኘውን ይቀጠቅጥ ጀመር። ግድግዳ መታ። ቅል ሰበረ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የገዛ ምሰሶውን በዱላ እየነረተ አገኙት። የቤቴን ጥንካሬ ላሳያችሁ ብዬ ነው አላቸው። ተያዩና ተቀመጡ።

ጠላ ቀረበላቸው። የአባ ተድላ ዋንጫ ውስጥ አንድ አሸን ጠብ አለ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት።

"ኩራባቸው፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጥቁር አዝሙድ ነው፣ አባቴ።"

"ክንፍ አለው እኮ።"

"የኛ አገር አዝሙድ እንዲህ ነው" አለና፣ ዋንጫውን ከእጃቸው ተቀብሎ አዝሙዱንም ጠላውንም በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያ ዘመድ ላማክር ብሎ ሸኛቸው። ሲሄዱ ሦስት ጊዜ ዞር ብለው አዩት።

ዱላ እንደማይሆን አያ ኩራባቸው ገባው። ሁለተኛው እሑድ ሲደርስ፣ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አሸኑን በጭስ ልጨርሰው አለ። ፍሙ ላይ ሚጥሚጣ በተነ። አንድ ጭብጥ አይደለም፤ ዘርፌ ለዓመት ያለችውን ሙሉውን አቁማዳ ነው። ቤቱ ታፈነ። ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ገቡ።

አባ ተድላ ሰላምታ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱና አነጠሱ። ኩራባቸው ይማርዎ አላቸው። ያኑርህ ሊሉት ሲሉ እሱ አነጠሰ። ይማርህ አሉት። ያኑርዎ ሳይል ሁለተኛው ሽማግሌ አነጠሱ። ይማርዎ። ሦስተኛው አነጠሱ። ይማርዎ። ያኑርህ። ይማርህ። ያኑርዎ። ሰው አንጥሶ ይማርህ ሳይባል ወደ ጉዳይ አይገባም። ይማርህ የተባለም ያኑርህ ሳይል አይቀርም። ወግ ነው፤ ሰው ወጉን ጥሎ የት ይደርሳል? ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሁ ሲማማሩና ሲኗኗሩ ዋሉ። ጋብቻ የምትል ቃል ከማንም አፍ አልወጣችም። አሸኑስ? አሸን አፍንጫ የለው። በጭሱ መሐል ይጨፍር ነበር።

በመጨረሻ አባ ተድላ ዓይናቸው ደም መስሎ፣ በሚቀጥለው እሑድ ቁርጡን ንገረን ብለው ወጡ። እንጉዳይ ጓሮ ሄዳ አለቀሰች። በሚጥሚጣው ነው እንዳትሉ፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። አንድ እሑድ ብቻ ቀርቷታል።

ሦስተኛው እሑድ መጣ። አያ ኩራባቸው ሳምንቱን ሙሉ አስቦበታል። ቀዳዳውን በአሮጌ ቡትቶ ወተፈው። በላዩ ጭቃ መረገበት። በጭቃው ላይ እበት ለቀለቀበት። አሁንም አላመነውም። በርጩማውን አመጣና በላዩ ላይ አኖረው፤ ከዚያ ራሱ ተቀመጠበት። ከእንግዲህ እኔን የሚያነሳኝ ካለ አያለሁ አለ።

ሽማግሌዎቹ ደጅ ደረሱ፣ ገቡ፣ ቆሙ። ሽማግሌ ሲገባ ሰው ምን ያደርጋል? ይነሳል፣ ኖር ይላል። በእግዜር ይሉታል፣ ከዚያ ሁሉም ይቀመጣል። እናንተም እንደምታደርጉት ተስፋ አለኝ። አያ ኩራባቸው ኖር አለ። ግን አልተነሳም።

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ቀሩ። እንደገና ኖር አለ። አልተነሳም። ሦስተኛ ጊዜ ኖር አለ፣ በሁለት እጁ በርጩማውን ጨብጦ።

አባ ተድላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ኖር የሚባለው በአፍ ነው ወይስ በእግር?" አሉት።

ልክ በዚህ ሰዓት ውጭ ፀሐይ ብልጭ አለች። አያ ኩራባቸው ከታቹ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማው። አሸኑ በቡትቶው አለፈ፣ በጭቃው አለፈ፣ በእበቱ አለፈ። ከዚያ ጥርጊያ መንገድ አገኘ፤ የአያ ኩራባቸውን የሱሪ እግር። ሱሪው ደግሞ ጠባብ ነው፤ አንዴ የገባ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ወደ ላይ ሆነ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ብብት። ምስጥ አይናደፍ፣ ይኮረኩራል እንጂ። አያ ኩራባቸው ከንፈሩን ነከሰ። ጉንጩ አበጠ። እንባው ፈሰሰ። አልቻለም፤ ከት ብሎ ሳቀ።

እስቲ አስቡት። ሦስት ሽማግሌ ፊቱ ቆመው፣ እሱ ተቀምጦ ይስቃል። ሚስቱ ዘርፌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሁለተኛው ሽማግሌ ዱላቸውን አነሱ። አባ ተድላም ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱና "ልጄን አልሰጥም ያለ ሰው ኖሯል፤ በሽማግሌ የሳቀ ግን አላየሁም። እንሂድ" አሉ።

በሩ ላይ ግን እንጉዳይ ቆማ ነበር። በዚያ ዘመን ሽማግሌ ፊት የምትታጭ ልጅ አትናገርም። ከጓዳ አትወጣም። እሷ ግን መሐል በር ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች።

"አባቶቼ፣ አባቴ ንቀዋችሁ አይደለም" አለች። "አሸን ላይ ተቀምጠው ነው። ቤታችንን ምስጥ ጨርሶታል። አዝሙዱም አሸን ነው፣ ሚጥሚጣውም ለአሸኑ ነው። እኔ ፈርቼ ሳልናገር ቀረሁ። አሁን ግን እናንተ ከሄዳችሁ እኔ የምፈራው ነገር አይኖረኝም።"

አያ ኩራባቸው ልጁን አየ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ያን ጊዜ ከሸሚዙ አንገት አንድ አሸን ብቅ አለና አፍንጫው ላይ ቁጭ አለ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? በርጩማውን ለቀቀና ተነሳ።

ይሄኔ ነው ጉዱ። የተወተፈው ቡትቶ ቡፍ ብሎ ወጣ። አሸኑ እንደ ጎርፍ ተከተለ። በአንገቱ ወጣ፣ በእጅጌው ወጣ፣ ከምሰሶው ሥር ወጣ። የሽማግሌዎቹ ኩታ በክንፍ ተሸፈነ። የዘርፌ ዶሮዎች ከጓሮ ሰምተው በሽማግሌዎቹ እግር መሐል እየሾለኩ ገቡና እየዘለሉ ይለቅሙ ጀመር። አንዲቱማ አያ ኩራባቸው ትከሻ ላይ ወጥታ ከጆሮው ሥር ለቀመች።

አባ ተድላ አንዱን አሸን በክንፉ ያዙትና አዩት። ከዚያ ምሰሶውን አዩት። "ለብልበኸው ነበር?" አሉ።

አያ ኩራባቸው አንገቱን ደፋ። "አልለበለብኩትም" አለ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ዘርፌ ሰምታው አታውቅም።

አባ ተድላ መሳቅ ጀመሩ። ኩታቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። በጉብዝናዬ እኔም ይሄው ደርሶብኛል አሉ። እኔ ቀዳዳው ላይ ድስት ደፍቼበት ነበር፤ አማቴ ወጥ መስሏት ከፈተችው፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ቤቴ እህል አልቀመሰችም አሉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ሳቁ፣ ዘርፌም ሳቀች፣ ኩራባቸውም ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ የተቀየመ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሽማግሌው መድኃኒቱን ነገሩት። የሚበረውን ማሳደድ ተው፤ የሚበረው ልጅ ነው፣ እናቲቱ ከታች ቁጭ ብላለች አሉት። በሩን ክፈት፤ የበረረው ይውጣ፣ የወደቀውን ዶሮ ይልቀመው። የተበላውን ምሰሶ ንቀል፣ እናቲቱን ቆፍረህ አውጣ፣ ጉድጓዱን በፈላ ውኃና በአመድ አጥግበው። ከዚያ የተለበለበ ወይራ ትከል። ጣሪያው እንዳይወድቅ ግን ደግፈው የሚይዙ ሃያ ሰዎች ያስፈልጉሃል።

አያ ኩራባቸው ላብ አሰመጠው። ሃያ ሰው መጥራት ማለት አገር መጥራት ነው። ልጁን ዞር ብሎ አያት። አሁንም በሩ ላይ ቆማለች፤ የመጡበት ጉዳይ ገና አልተመለሰም። ወጣ፣ ጉብታው ላይ ቆመ። አንዴ ሊጣራ ሞከረ፣ ድምፁ ጠፋ። ሁለተኛ ሞከረ፣ ሳል ሆነ። በሦስተኛው አገሩ እስኪያስተጋባ "ምሰሶዬን ምስጥ በልቶታል፣ ድረሱልኝ" አለ።

አገር ወጣ። እሱ ይስቁብኛል ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። መጀመሪያ የደረሰው የቅርብ ጎረቤቱ ነበር። አልሳቀም። ወደ አባ ተድላ ጠጋ ብሎ፣ የእኔንም ቢያዩልኝ ብሎ በጆሯቸው ሹክ አላቸው። ሁለተኛው ደረሰና ያንኑ ሹክ አለ። ሦስተኛው ደረሰ። ለካስ ነጭ ምሰሶ የተከለ ሁሉ እንደሱ በሩን ዘግቶ አሸን ሲያባርር ኖሯል። አንዱ አልጋ ገትሮበታል፣ አንዱ የእህል ጎታ አስቀምጦበታል፣ አንዱ ዓይነ ስውር አጎቱን አስቀምጦበታል። አጎትየው ምን እንደሚኮረኩራቸው ሳያውቁ ከግንቦት ጀምሮ ሲስቁ፣ ሰው ደስተኛ ሽማግሌ ይላቸው ነበር።

ሃያው ሰው ጣሪያውን ደገፈ። አያ ኩራባቸው ወይራውን በገዛ እጁ ለበለበ፤ ፊቱ፣ ጥርሱ ሳይቀር ጠቆረ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ እስከ ወገቡ ድረስ ቆፈረ። ከሥር አውራ ጣት የምታህል ነጭ እናት አገኘና አወጣት። ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ ጥቁር ፊቱን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረ።

"አባ ተድላ፣ ልጄን ለይርዳው ሰጥቻለሁ" አለ።

አባ ተድላ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው አዩት። "ተቀምጠህ ነው ወይስ ቆመህ?"

"ቆሜ ነው፣ አባቴ" አለ።

እንጉዳይ ከበሩ ላይ እልል አለች። በራሷ መታጨት እልል ያለች ልጅ በዚያ አገር እሷ የመጀመሪያዋ ናት። በጥር ተዳረች። አያ ኩራባቸውም በሠርጉ ቀን ለገባ ሁሉ ሲነሳ ዋለ። ለቄሱ ተነሳ፣ ለሕፃኑ ተነሳ፣ ለዶሮዋም ተነሳና ኖር አላት። እሷ ነበረች ትከሻው ላይ የወጣችው፤ ይገባታል።

አባ ተድላ ታዲያ ሙሽሮቹን ሲመርቁ እንዲህ አሉ ይባላል፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።"

ይሄው ነው። ማን በር ዘጋ አላልኩም፤ የሰማ ሰምቷል። አንቺ ምን ያስቅሻል? ተረቱ አልቋል እኮ። ከየት ወጣ? ከኔ አንገት? ውሸት ነው፤ አዝሙድ ነው።

እሺ። እሺ፣ ተነሳሁ። አንተ ሮጠህ ዶማ አምጣ፣ አንቺ ዶሮዎቹን ልቀቂ፣ እናንተ ሰፈሩን ጥሩልኝ። ጮክ ብላችሁ ጥሩ።

ተረቴን ብሉት፣ ክንፉን ግን ጣሉት።